አሽሊ ጆንሰን፦ ስለ አሜሪካዊቷ የውሃ ፖሎ ግብ ጠባቂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የውሃ ፖሎ በእኛ ዘንድ ብዙ ወሬ የሚነሣለት ስፖርት አይደለም። ኦሊምፒክ ሲመጣ አትሌቲክስ እስኪጀመር ድረስ ቴሌቪዥን እየቀያየርን ሳለ ድንገት ዐይናችን ውስጥ ይገባል። ቀይ ኮፍያ ያደረገች ግብ ጠባቂ እስከ ወገቧ ከውሃው ተወርውራ ኳስ ስትመልስ ያየ ሰው ግን «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ማለቱ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ መልሱ አሽሊ ጆንሰን ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሽሊ ጆንሰን ማን ናት?

የአሜሪካ ሴቶች የውሃ ፖሎ ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ ናት። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1994 በፍሎሪዳ ግዛት በማያሚ ተወለደች፤ ቤተሰቦቿ ከጃማይካ የሄዱ ናቸው። በ2016 በሪዮ፣ ከዚያም በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይቶ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ወስዳለች። በፓሪስ 2024ም ተሰልፋለች። ከዓለም ሻምፒዮና ወርቆቿ መካከል የ2015ቱ የካዛን፣ የ2019ኙ የጉዋንግጁ እና የ2024ቱ የዶሃ ይገኙበታል። ለአሜሪካ የኦሊምፒክ ውሃ ፖሎ ቡድን የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም እርሷ ናት።

ጨዋታው እንዴት ነው? ገንዳው ውስጥ ቆመው ነው የሚጫወቱት?

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ቀን የለም። አይደለም፣ አይቆሙም። ገንዳው ጥልቅ ስለሆነ እግር መሬት አይነካም፤ ተጫዋቾቹ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ወይ እየዋኙ ወይ ባሉበት እየተንሳፈፉ ናቸው። ከእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ ሰባት ተጫዋቾች ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ጨዋታው እያንዳንዳቸው ስምንት ደቂቃ የሆኑ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሰዓቱ ግን ኳስ በቆመ ቁጥር ስለሚቆም አንዱ ግጥሚያ አንድ ሰዓት ያልፋል።

ከግብ ጠባቂዋ በስተቀር ኳሱን በሁለት እጅ መያዝ ለማንም አይፈቀድም። በአንድ እጅ ይያዛል፣ በአንድ እጅ ይወረወራል። ግቡ 3 ሜትር ስፋት አለው፤ አግዳሚው ከውሃው በላይ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቁጥሩ ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት ግብ ጠባቂ ይህን ሁሉ የምትሸፍነው መሬት ረግጣ ሳይሆን ከሥሯ ምንም በሌለበት ነው። ለዚህ የሚያገለግላት ኃይል ከጭኗ የሚመጣ ነው፤ ሁለቱን እግሮቿን በየተራ በተቃራኒ አቅጣጫ ያለማቋረጥ እያሽከረከረች ደረቷን ከውሃው በላይ ትይዛለች፤ ኳሱ ሲለቀቅ ደግሞ በዚያው እግር ወደ ላይ ትወረወራለች። ከውጭ ሲታይ እጅ ነው የሚሠራው። ሥራው ያለው ግን ካሜራ በማያየው ቦታ፣ ከውሃው በታች ነው።

ከውሃ ጋር እንዴት ተዋወቀች?

በእናቷ ጥንቃቄ። እናቷ ነርስ ናቸው፤ አምስት ልጆች ያሳደጉትም ብቻቸውን ነው። የሚኖሩበት ቤት ግቢው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ነበረው። በሥራ ላይ ውሎ ለሚገባ ወላጅ አምስት ሕፃናትና አንድ ገንዳ በአንድ ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ስጋት እንደሆኑ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉም ዋና እንዲማሩ ላኳቸው። ዓላማው ሜዳሊያ አልነበረም፤ ልጆቹ እንዳይሰምጡና ጊዜያቸውን በከንቱ እንዳያሳልፉ ነበር።

ውሃ ፖሎን ያገኘችው በዚያው በዋና ትምህርት በኩል ነው። ወንድሞቿና እህቷም ስፖርተኞች ነበሩ፤ እህቷም አሽሊ በኋላ በተማረችበት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውሃ ፖሎ ተጫውታለች። አሽሊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በማያሚ በሚገኘው ራንሰም ኤቨርግሌድስ ትምህርት ቤት ስትማር ቡድኑ ሦስት ጊዜ የፍሎሪዳ ሻምፒዮን ሆኗል። በዋና ውድድርም ፈጣን ነበረች።

«የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት» መሆኗ ለምን ይህን ያህል ይወራል?

መነገሩ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይነገርም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ከዋና የራቁት ስለማይወዱ ወይም ሰውነታቸው ስለማይመች አይደለም። ተከልክለው ነው። የሕዝብ ገንዳዎችና የባሕር ዳርቻዎች ለአሥርት ዓመታት ለነጮች ብቻ ነበሩ፤ ፍርድ ቤት ክልከላውን ሲያነሣም አንዳንድ ከተሞች ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚዋኙ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት መርጠዋል።

የራሷን የማያሚን ታሪክ ብቻ እንመልከት። ከተማዋ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሆኖም በ1945 ጥቂት ጥቁር የከተማዋ ነዋሪዎች በሜይ ወር ለነጮች ብቻ ወደተከለለው ወደ ሃውሎቨር የባሕር ዳርቻ ሄደው ሆን ብለው ውሃው ውስጥ ገቡ። ቢታሰሩ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ለማድረስ ነበር ሐሳባቸው። ባለሥልጣናቱ ሙግቱን ስለፈሩ አላሰሯቸውም፤ ይልቁንም በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን ቨርጂኒያ ኪ የተባለው ደሴት ላይ «ለጥቁሮች» የሚሆን የባሕር ዳርቻ ከፈቱላቸው። ደሴቱን ከከተማው ጋር የሚያገናኘው መንገድ የተከፈተው በ1947 ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ የሚደረሰው በጀልባ ብቻ ነበር። ለመዋኘት ጀልባ መሳፈር ማለት ነው።

ወላጅ ያልዋኘበት ቤት ልጅም አይዋኝም። በ2017 የአሜሪካ ዋና ፋውንዴሽን ይፋ ባደረገው ጥናት ከአፍሪካ አሜሪካውያን ልጆች 64 በመቶው ዋና አይችሉም ወይም ችሎታቸው እጅግ አነስተኛ ነው፤ በነጮቹ ልጆች ዘንድ ቁጥሩ 40 በመቶ ነው። እንግዲህ የአሽሊ እናት ልጆቻቸውን ዋና ማስተማራቸው በዚህ ሁሉ መካከል የተደረገ ውሳኔ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። «የመጀመሪያዋ» የሚለው መጠሪያ በጣም ከመደጋገሙ የተነሣ ልጅቷ ምን ያህል ግብ ጠባቂ እንደሆነች ይሸፍነዋል። ቆዳዋን ትተን ኳሱን ብቻ ብንቆጥር እንኳ በስፖርቱ ታሪክ ውስጥ ስሟ ከላይ ነው።

ለምን ካሊፎርኒያ አልሄደችም? ስፖርቱ ያለው እዚያ አይደለም ወይ?

ነው። የአሜሪካ ውሃ ፖሎ ማለት ካሊፎርኒያ ማለት ነው ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ከ2001 ጀምሮ እስከ 2025 የተካሄደውን የዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ዋንጫ ያነሡት ሦስት ተቋማት ብቻ ናቸው፦ ስታንፎርድ፣ ዩሲኤልኤ (በሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) እና ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ። ሦስቱም እዚያው ናቸው። ብሔራዊ ቡድኑ የሚሠለጥነውም ሎስ አላሚቶስ በሚባለው የካሊፎርኒያ ከተማ፣ በወታደራዊ ሰፈር ውስጥ ባለ ገንዳ ነበር። የቡድኑ ልጆች አብዛኞቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እርስ በርስ ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው።

ጆንሰን በተቃራኒው ወደ ምሥራቅ፣ ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው ፕሪንስተን ሄደች። ፕሪንስተን አይቪ ሊግ እንደሚባሉት እንደ ሌሎቹ ስመ ጥር የምሥራቅ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርት ብሎ የነጻ ትምህርት ዕድል አይሰጥም፤ የሚገባው በትምህርት ውጤት ነው። ሥነ ልቦና አጠናች። ለሪዮ ዝግጅት አንድ ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ ካሊፎርኒያ ከከረመች በኋላ የኦሊምፒክ ወርቋን ይዛ ተመልሳ በ2017 ተመረቀች። ስትወጣ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ብዙ ኳስ ያዳነች ግብ ጠባቂ ሆና ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራትም እያመነታች ነበር። ከቤቷ ርቆ፣ እርሷን የሚመስል ሰው በሌለበት ቡድን ውስጥ መግባት ቀላል አልሆነላትም። ከ2009 ጀምሮ ቡድኑን የመሩት አሰልጣኝ አዳም ክሪኮሪያን ግን ችሎታዋን አይተው ተስፋ አልቆረጡባትም። ይህ ለአሰልጣኞች ሁሉ የሚበጅ ጉዳይ ይመስለኛል፤ ዋና ከተማው ውስጥ ብቻ ተጫዋች የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለችውን ባላገኛት ነበር።

በሪዮ ምን ሆነ?

ለእኛ ሪዮ ማለት አልማዝ አያና ናት፤ ኦገስት 12 ቀን በ10 ሺህ ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ የሰበረችበት ጠዋት። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሲሞን ማኑኤል በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ከካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ ጋር እኩል ገብታ በግል የዋና ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካ አሜሪካዊት ሆነች። ሳምንት አልፎ ኦገስት 19 ደግሞ ተራው የጆንሰን ሆነ።

የአሜሪካ ቡድን በዚያ ውድድር ስድስት ጨዋታ አድርጎ ስድስቱንም አሸነፈ። ስፔንን 11 ለ 4፣ ቻይናን 12 ለ 4፣ ሃንጋሪን 11 ለ 6፤ በሩብ ፍጻሜ ብራዚልን 13 ለ 3፣ በግማሽ ፍጻሜ እንደገና ሃንጋሪን 14 ለ 10፣ በፍጻሜው ጣሊያንን 12 ለ 5። ጆንሰን 51 ኳሶች አዳነች። ገና 21 ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያ ኦሊምፒኳም ነበር።

ከዚያ ውድድር የማይረሳኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ኦሊምፒኩ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የአሰልጣኝ ክሪኮሪያን ወንድም በድንገት አረፉ። አሰልጣኙ ወደ አሜሪካ ተመልሰው ከቤተሰባቸው ጋር ቆይተው ለመጀመሪያው ጨዋታ ደረሱ። አሰልጣኞች በኦሊምፒክ ሜዳሊያ አይሰጣቸውም። ከፍጻሜው በኋላ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሜዳሊያ ከአንገታቸው እያወለቁ አንድ በአንድ በአሰልጣኛቸው አንገት ላይ አጠለቁላቸው፤ እኚያ ሰው ደረታቸው ላይ የተከመረውን ወርቅ ይዘው እያለቀሱ ቆሙ።

ከሌሎች ግብ ጠባቂዎች በምን ትለያለች?

ቁመቷ 1.85 ሜትር ነው፤ ክንዷም ረጅም ነው። ይህ ብቻውን ግን ምክንያት አይሆንም፤ ረጃጅም ግብ ጠባቂዎች ሞልተዋል። የእርሷ ልዩነት ትዕግሥቷ ነው። በውሃ ፖሎ አጥቂ ኳሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ለመወርወር እያስመሰለች ደጋግማ ታታልላለች። ግብ ጠባቂዋ በመጀመሪያው ማታለያ ከዘለለች አለቀላት፤ ወደ ውሃው ስትመለስ ኳሱ ከኋላዋ መረብ ውስጥ ነው። ጆንሰን ግን ትጠብቃለች። እጆቿ በውሃው ገጽ ላይ ተዘርግተው፣ ዐይኗ ከኳሱ ሳይነቀል፣ አጥቂዋ እስክትለቅ ድረስ ትቆያለች። ከዚያ ትነሣለች። ብዙዎቹ አጥቂዎች ሐሳባቸውን የሚለውጡት እርሷን አይተው ነው፤ ክፍት የመሰላቸው ጥግ ሲዘጋ አግዳሚውን ይመታሉ ወይም ውጭ ይጥሉታል። ይህ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍላትም።

ሌላው ካዳነች በኋላ የምትሠራው ነው። ኳሱን እንደያዘች ወደ ፊት ለሚሮጡት፣ ማለትም ለሚዋኙት፣ ጓደኞቿ በረጅሙ ታቀብላለች። የአሜሪካ ቡድን ብዙ የመልሶ ማጥቃት ግቦች የሚጀምሩት ከእርሷ እጅ ነው።

ቶኪዮ ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር?

ውጤቱን ብቻ ላየ ሰው እንዲያ ይመስላል፤ በፍጻሜው ስፔንን 14 ለ 5 ነው የረቱት፤ ጆንሰን በዚያ ጨዋታ 11 ኳሶች አድናለች። ነገር ግን በምድቡ በሃንጋሪ 10 ለ 9 ተሸንፈው ነበር፤ ይህ ቡድን በኦሊምፒክ መሸነፍን የረሳ ቡድን ስለነበር ብዙዎች ደንግጠዋል። በውድድሩ በጠቅላላ 80 ኳሶች በማዳን ከግብ ጠባቂዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። በ2012 በለንደን ከተገኘው ጋር ይህ ለአሜሪካ ሴቶች ሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ ነበር፤ በሴቶች ውሃ ፖሎ እንዲህ ያደረገ ሌላ አገር የለም። የሴቶቹ ውድድር ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ2000 በሲድኒ ነው፤ የወንዶቹ ግን ከ1900 ጀምሮ አለ። መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ስፖርት ነው ማለት ነው።

በፓሪስስ ለምን ሜዳሊያ አጣች?

በጥቂት ሰከንዶችና በመለያ ምት። ታሪኩ በደንብ ሊነገር ይገባዋል፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት ምርጥ ጨዋታዋ የተገኘው ሜዳሊያ ባላገኘችበት በዚህ ኦሊምፒክ ነው።

በሩብ ፍጻሜ ሃንጋሪን ገጠሙ። ቡድኑ ግብ ማግባት አቃተው፤ በሙሉ ጨዋታው ያገባው አምስት ብቻ ነው። በዚህ ስፖርት በአምስት ግብ የሚያሸንፍ ቡድን እምብዛም አይታይም። እነርሱ ግን 5 ለ 4 አሸነፉ፤ ጆንሰን 17 ኳሶች መልሳለችና። ሃንጋሪዎቹ ከቅርብ ሞከሩ፣ ከሩቅ ሞከሩ፣ በሰው ብልጫ ሞከሩ። ግጥሚያውን አንዲት ተጫዋች ብቻዋን ተሸክማው የወጣች ይመስል ነበር።

በግማሽ ፍጻሜው ከአውስትራሊያ ጋር 8 ለ 8 ተለያዩ። በመለያ ምቱ አውስትራሊያ 6 ለ 5 አለፈች። ለነሐስ ከኔዘርላንድስ ጋር የተደረገው ጨዋታ ደግሞ ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ያህል ሲቀረው ሳብሪና ቫን ደር ስሎት አግብታ 11 ለ 10 አለቀ። አራተኛ። ወርቁን ስፔን አውስትራሊያን 11 ለ 9 በመርታት ወሰደች።

በዚህ ስፖርት ሀብታም ይሆናል?

አይሆንም። በ2024 የቡድኑ አምበል ማጊ ስቴፈንስ፣ በኦሊምፒክ የሴቶች ውሃ ፖሎ ብዙ ግብ ያስቆጠረችው፣ የቡድን ጓደኞቿ ኑሯቸውን ለመደጎም ሁለትና ሦስት ሥራ እንደሚሠሩ በኢንስታግራም ጻፈች። ጽሑፉን ያየው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ትልቅ ሰዓት አንገቱ ላይ በማንጠልጠል የሚታወቀው ፐብሊክ ኢነሚ የተባለው የራፕ ቡድን አባል ፍሌቨር ፍሌቭ። ቡድኑን ስፖንሰር አደርጋለሁ አለ፤ ለአምስት ዓመት ተፈራረመ፤ ፓሪስም ድረስ ሄዶ በተመልካች መቀመጫ ላይ ሆኖ ሲጮህ ተገኘ። ታሪኩ ያስቃል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ያመጣ ቡድን የሚረዳው ሲፈልግ መቆየቱ ግን አያስቅም።

ኮፍያው ለምንድን ነው? ፀጉርስ አያስቸግርም?

የውሃ ፖሎ ኮፍያ አገጭ ሥር የሚታሰር ሲሆን ጆሮ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ መከላከያ አለው። ኳስ ወይም ክርን በቀጥታ ጆሮ ላይ ቢያርፍ ታምቡሩን ሊበጥስ ስለሚችል ነው። የሁለቱ ቡድኖች ኮፍያ በቀለም ይለያል፤ የግብ ጠባቂዎቹ ቀይ ነው።

የፀጉሩ ነገር ለጥቁር ሴት ዋናተኞች ሁሉ የቆየ ጥያቄ ነው። ለወፍራምና ለተሸረበ ፀጉር የተሠራ ሶል ካፕ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ኮፍያ በቶኪዮ የዋና ውድድር ላይ እንዲፈቀድ ተጠይቆ በ2021 ተከለከለ። ብዙ ቁጣ ካስነሣ በኋላ በ2022 ተፈቀደ። ጆንሰን ስለ ፀጉርና ስለ ክሎሪን በይፋ ከሚናገሩት አንዷ ናት፤ ብዙ እናቶች ሴት ልጃቸውን ከገንዳ የሚያስቀሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው በመሆኑ።

አሜሪካ ነው የምንኖረው፤ ልጃችን እንደ እርሷ መጫወት ትፈልጋለች። ከየት እንጀምር?

ከዋና። ልጅቷ ያለ ድካም ርቀት መዋኘትና ጥልቅ ውሃ ውስጥ ባለችበት መንሳፈፍ እስክትችል ድረስ ኳሱ ይቆይ። አብዛኞቹ የከተማ መዝናኛ ማዕከላት ርካሽ የዋና ትምህርት አላቸው። ለትንንሾቹ ደግሞ የአሜሪካ ውሃ ፖሎ ፌዴሬሽን ስፕላሽቦል የሚባል፣ እንደ ጨዋታ የሚጀመር መርሐ ግብር አለው፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን ክለብ ከፌዴሬሽኑ መጠየቅ ይቻላል። ከካሊፎርኒያ ውጭ ክለቦቹ ጥቂት ናቸው፤ በዚህ ምክንያት ተስፋ ለሚቆርጥ ወላጅ የማያሚዋን ልጅ መጥቀስ ይበቃል።

ወላጆቹ ራሳቸው ዋና የማይችሉ ከሆነ ከልጅቷ ጋር አብረው ይመዝገቡ። ብዙ ማዕከሎች ለአዋቂዎች የተለየ ሰዓት አላቸው፤ አንዳንዶቹም ለሴቶች ብቻ የሚሆን።